ከጅማ ተነሥቶ ብዙ አገር ለሚዞር፦ የቀን ወጪን ስለ ማቀድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን በአንድ ጉዞ ለማየት የሚያስቡ የጅማ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ጀምሮ።

በቀን ስንት ዶላር ይበቃኛል?

ተራ ማረፊያ ለሚያድር፣ የሰፈር ምግብ ቤት ለሚበላ፣ ከተማ ውስጥ በታክሲና በሞተር ለሚንቀሳቀስ ሰው ኬንያ 35፣ ኡጋንዳ 28፣ ሩዋንዳ 40 ዶላር ብሎ መነሣት ጥሩ ነው። እነዚህ መነሻ ቁጥሮች ናቸው። ለብቻው ክፍል የሚይዝ ሰው ከፍ ያደርጋቸዋል፤ ዘመድ ቤት የሚያድር ደግሞ ወደ ግማሽ ያወርዳቸዋል። ሩዋንዳን ከፍ ያደረግኋት ኪጋሊ ውስጥ ርካሽ አልጋ እንደ ካምፓላ እንደ ልብ ስለማይገኝ ነው።

ቁጥሩን ከመያዛችሁ በፊት ግን ቀናችሁን ለሁለት ክፈሉት፤ የመንገድ ቀንና የመቀመጫ ቀን። በመንገድ ቀን የአውቶቡስ ቲኬት አለ፣ መናኸሪያ ላይ የሚበላ ውድ ምግብ አለ፣ ሻንጣ ይዞ በማታ የሚያዝ ታክሲ አለ፣ አዲስ ሲም ካርድ አለ፣ ዋጋ ሳይጠያየቁ የሚያዝ አልጋ አለ። በመቀመጫ ቀን ከእነዚህ አንዱም የለም። በሁለት ሳምንት ስድስት ከተማ የሚያዳርስ ሰውና ሦስት ከተማ ብቻ የሚያይ ሰው እኩል የቀን በጀት ይዘው ቢነሡ የመጀመሪያው ሳይመለስ እጁ ያጥራል። ከሁሉም የሚበልጠው ቁጠባ አንድ ከተማ መተው ነው።

ሂሳቡን በብር ልያዝ ወይስ በዶላር?

በዶላር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ ምን እንደ ሆነ አይተናል። ከዚያ በፊት 1 ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ጉዞውን በብር ቆጥሮ የተቀመጠ ሰው መስከረም ሲጠባ የያዘው ገንዘብ ለግማሹ መንገድ ብቻ የሚበቃ ሆነ። በዶላር የተያዘ ዕቅድ ግን አይለወጥም፤ የሚለወጠው በየወሩ የምታስቀምጡት ብር ነው።

ወደ ብር ስትመነዝሩ ባንኩ ከሚለጥፋቸው ሁለት ዋጋዎች የመሸጫውን ውሰዱ፤ ዶላር የምትገዙት እናንተ ናችሁና። ብዙ ሰው የመግዣውን አይቶ ይቆጥርና ባንክ ሲደርስ ይጎድልበታል። ባንኩ የአገልግሎት ክፍያ የሚጨምር ከሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በቀን ወጪ ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር?

አልጋ፣ ምግብ፣ የከተማ ትራንስፖርት፣ የስልክ ጥቅልና ትንሽ የኪስ ገንዘብ። በቃ። ቪዛ፣ የአገር አቋራጭ ቲኬት፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ክትባት፣ የፓርክ መግቢያ የቀን ወጪ አይደሉም፤ አንድ ጊዜ የሚከፈሉ ስለሆኑ ለብቻቸው ይጻፉ። እነዚህ ከቀን ወጪ ጋር ሲቀላቀሉ ሰው «ዛሬ 80 ዶላር አወጣሁ» ብሎ ይደነግጥና በማግስቱ ምሳውን ይተዋል። ከ80ው 50ው ቪዛ እንደ ነበር ረስቶታል።

ከአንድ ጊዜ ወጪዎች ውስጥ የሚረሳው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ካርዱን ድንበር ላይ ይጠይቃሉ። በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ካርድ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ስለዚህ ከዓመታት በፊት ተከትባችሁ ከሆነ ካርዱን ፈልጉት እንጂ እንደገና አትክፈሉ።

ለየአገሩ የተለየ በጀት ያስፈልጋል ወይስ አማካይ ይበቃል?

ለየአገሩ ያዙ። የ14 ቀን ጉዞ በምሳሌ እንውሰድ። ኬንያ 6 ቀን በ35 ዶላር 210 ይሆናል። ኡጋንዳ 5 ቀን በ28 ዶላር 140። ሩዋንዳ 3 ቀን በ40 ዶላር 120። ድምሩ 470 ዶላር፣ በቀን ሲካፈል ወደ 34 ነው። አሁን የኡጋንዳንና የሩዋንዳን ቀን አቀያይሩት፦ ኡጋንዳ 3፣ ሩዋንዳ 5። ድምሩ 494 ይሆናል። አልጋው ያው፣ ምግቡ ያው፣ ቀኑም ያው 14 ነው፤ 24 ዶላሩ የመጣው ቀኑን በማከፋፈል ብቻ ነው። አማካይ ቁጥር ይዞ የሚሄድ ሰው ይህ አይታየውም፤ ኡጋንዳ ላይ የተረፈው መስሎት ይዝናናና ኪጋሊ ላይ ይጨነቃል።

በዚህ ላይ የአንድ ጊዜ ወጪውን ጨምሩ። የኡጋንዳ ቪዛ 50፣ ከሞያሌ ናይሮቢ 25፣ ከናይሮቢ ካምፓላ 30፣ ከካምፓላ ኪጋሊ 20፣ ሲም ካርዶች 10 ብላችሁ ብትይዙ 135 ዶላር ነው፤ የአውቶቡሱ ዋጋ እንደ ድርጅቱና እንደ ወቅቱ ከፍና ዝቅ ይላል። እስካሁን 605 ዶላር ሆነ። መጠባበቂያ 15 በመቶ፣ ማለትም 90 ዶላር ገደማ ስትጨምሩ 695 ይመጣል። እንግዲህ መመለሻው የአውሮፕላን ቲኬት ለብቻው ሲቀር፣ ወደ 700 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ነው የሚታሰበው። መጠባበቂያውን «ከተረፈ ልብስ እገዛበታለሁ» ብላችሁ አትመኙት፤ ለሕመም፣ ለጠፋ ስልክና ላመለጠ አውቶቡስ የተቀመጠ ነው።

የምሥራቅ አፍሪካ የጋራ ቪዛ 100 ዶላር ነው ይላሉ። ልግዛው?

ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ተጓዥ አያስፈልግም። የጋራ ቪዛው ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን ለ90 ቀን እየወጡ ለመግባት የሚያስችል ነው፤ ለሦስቱም አገር ቪዛ ለሚከፍል አውሮፓዊ ጥሩ ዋጋ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ኬንያ ያለ ቪዛ ይገባል። ሩዋንዳም ለአፍሪካውያን ሁሉ እስከ 30 ቀን ያለ ክፍያ በሯን ከፍታለች። የሚቀረው የኡጋንዳ ነው፤ የአንድ ጊዜ መግቢያው 50 ዶላር ሆኖ በኢንተርኔት አስቀድሞ ይጠየቃል። 100 መክፈል ማለት 50 ዶላር በከንቱ መጣል ነው፤ ይህም ኡጋንዳ ውስጥ ወደ ሁለት ቀን የሚጠጋ ወጪ ነው። ኡጋንዳ ሁለት ጊዜ የምትገቡ ከሆነ ግን ሂሳቡ እኩል ይመጣል፤ ያኔ የጋራው ይቀላል።

የመግቢያ አሠራር በየጊዜው ስለሚሻሻል ከመነሣታችሁ በፊት የየአገሩን የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ራሳችሁ ተመልከቱ። «እኔ እጨርስልሃለሁ» ለሚል ደላላ ከ50 ዶላሩ በላይ አንድ ሳንቲም አትጨምሩ፤ ማመልከቻውን ስልክ ላይ ራሳችሁ መሙላት ትችላላችሁ።

ከጅማ በሞያሌ በመኪና ይሻላል ወይስ በአውሮፕላን?

የኪሎ ሜትሩን ነገር በቅድሚያ እንይ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ከ750 ይበልጣል፤ ከሞያሌ ናይሮቢም እንደዚያው። የኬንያው ወገን መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው፣ ሞያሌ ላይም በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የጋራ የድንበር ኬላ የሁለቱን አገር ፍተሻ አንድ ቦታ ላይ አምጥቶታል። ቢሆንም ከጅማ ናይሮቢ በመኪና ሦስት ቀን መያዝ አለበት። የሦስት ቀን አልጋ፣ የሦስት ቀን የመንገድ ምግብ፣ የሦስት ቀን ድካም ተደምሮ ከአውሮፕላኑ ዋጋ ጋር ይወዳደር። ሥራ ፈቃድ ወስዶ ለሚሄድ ሰው የሦስት ቀን ደመወዝም ወጪ ነው።

እኔ የምመክረው በአንድ በኩል በመኪና ሄዶ በሌላው በአውሮፕላን መመለስን ነው። ሞያሌ ወርዳችሁ፣ ናይሮቢን፣ ካምፓላንና ኪጋሊን በየብስ አዳርሳችሁ ከኪጋሊ ወደ አዲስ አበባ ብትበሩ የመጣችሁበትን መንገድ እንደገና አትከፍሉም። ቲኬቱን ስትቆርጡ እስከ ጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ያለውን የአገር ውስጥ በረራ ጨምሮ በአንድ ላይ ዋጋውን ጠይቁ። በመኪና ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ጸጥታ በሳምንቱ ከሄዱ ሾፌሮች አጣሩ፤ ጥርጣሬ ካለ ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ የሚኬድበት መንገድ የለም።

የሌሊት አውቶቡስ የአንድ አልጋ ዋጋ ያስቀራል የሚለው ስሌት ግማሽ እውነት ነው። ከናይሮቢ ካምፓላ ከ12 ሰዓት በላይ ተቀምጦ፣ ሌሊት ድንበር ላይ ወርዶ ተሰልፎ የደረሰ ሰው በማግስቱ ማታቱ (የሕዝብ ሚኒባስ) ፍለጋ አይወጣም፤ ታክሲ ይጠራል፣ ቀኑን በሙሉ ይተኛል። አንዴ ይበቃል፤ በተከታታይ ሁለት ሌሊት አታድርጉት።

ሰዓትም ገንዘብ ያስወጣል። የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር እንደኛው ነው፤ ናይሮቢ ውስጥ ሰው በስዋሂሊ «ሳአ ምቢሊ» ካላችሁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ቲኬት ላይ የሚታተመው ግን የፈረንጁ 8 ነው። ሩዋንዳ ደግሞ ከኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ቲኬቱን ስትቀበሉ ሰዓቱን በጣት አሳይታችሁ አረጋግጡ።

ለምግብ ስንት ልያዝ? ጾመኛ ወይም ሐላል ብቻ የሚበላ ሰውስ?

በቀን 7 ወይም 8 ዶላር በሦስቱም አገር ያበላል፤ የአገሬው ሰው የሚበላውን ከበላችሁ ማለት ነው። ናይሮቢ ውስጥ ሠራተኛው የሚሰለፍባት ትንሽ ቆርቆሮ ቤት ገብታችሁ ጠዋት ሻይ በወተትና ማንዳዚ (በዘይት የተጠበሰ ሊጥ)፣ ምሳ ቦሎቄ በቻፓቲ (ስስ ቂጣ)፣ ማታ ኡጋሊ በጎመን ብትሉ በዚህ ሂሳብ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ለሙዝና ለውኃም ይተርፋችኋል። ኡጋሊ ጠጠር ያለ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ አንጀት ይይዛል። ኡጋንዳ ውስጥ ደግሞ እንቁላል በቻፓቲ ጠቅልለው መንገድ ዳር ይሸጣሉ፤ «ሮሌክስ» ይሉታል። አንዱ ምሳ ይሆናል። ለጾመኛ ቦሎቄ፣ ማቶኬ የሚሉት የሚቀቀል ሙዝና ሩዝ የትም አይጠፋም። ሐላል ለሚፈልግ የናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር ሞልቶ የተረፈ ነው።

እንጀራ ያምራችኋል፤ ይገኛልም። ኢስሊ ውስጥ፣ ካምፓላም ካባላጋላ አካባቢ የሐበሻ ቤቶች አሉ። ዋጋው ግን ከአገሬው ምግብ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ብላችሁ በዕቅድ አስገቡት፤ ያልታሰበበት እንጀራ ሁለተኛውን ይጠራል።

ስንቅ ይዞ መውጣት ያዋጣል። ዳቦ ቆሎ፣ በሶና የተቆላ ቡና ለመንገድ ቀን ከማንኛውም መናኸሪያ ይሻላሉ። ግን በፌስታል አትያዙት። ሩዋንዳም ኬንያም የፕላስቲክ ከረጢት ከልክለዋል፤ ድንበር ላይ ይወስዱባችኋል፣ ቅጣትም አለው። ከመርካቶ የጨርቅ ከረጢት ገዝታችሁ ውጡ።

ዶላሩን ከየት አገኛለሁ? በእጅ ልያዝ ወይስ በካርድ?

ከባንክ። ፓስፖርት፣ ቲኬትና እንደ አገሩ ቪዛ አቅርባችሁ ለመንገደኛ የሚፈቀደውን ትገዛላችሁ። ጣሪያው በመመሪያ የሚወሰን ስለሆነ ጅማ ያለው ቅርንጫፋችሁ ዘንድ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ሂዱና ዶላሩ በዚያው ቅርንጫፍ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ፤ አንዳንዴ አዲስ አበባ ግቡና ውሰዱ ይላሉ። ባንኩ የሚሰጣችሁን ደረሰኝ ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ፣ ስትወጡ ይጠየቃል። የጥቁር ገበያውን ተዉት፤ ሕገ ወጥ ነው፣ ደረሰኝም የለው፣ ሐሰተኛ ኖት ቢደርሳችሁ የምትመልሱበት የላችሁም።

ከፊሉን በእጅ፣ ከፊሉን ባንካችሁ በሚሰጠው ቅድመ ክፍያ ዓለም አቀፍ ካርድ አድርጉት። እዚህ የምትገለገሉበት ተራው የኤቲኤም ካርድ ውጭ አገር ይሠራል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ባንኩን ጠይቁ። ካርድ ላይ ያለው ችግር በእያንዳንዱ ማውጫ ማሽኑ የሚቆርጠው ክፍያ ነው። በየቀኑ 30 ከማውጣት በአራት ቀን አንዴ 120 ማውጣት ይሻላል።

በእጅ የምትይዙትን ኖት ባንክ መስኮት ላይ አንድ በአንድ እዩት። የምሥራቅ አፍሪካ ምንዛሪ ቤቶች የቆዩ የዶላር ኖቶችን፣ በተለይ ከ2006 በፊት የታተሙትን፣ አይቀበሉም ወይም በቅናሽ ይወስዳሉ። ዓመተ ምሕረቱ ፊት ለፊት ላይ በትናንሽ ቁጥር ተጽፏል። ጠርዙ የተቀደደ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ኖትም ያስቸግራል። ትልቁ የ100 ኖት ከትናንሾቹ የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ለድንበር ግን ጥቂት ባለ 10ና ባለ 20 ያዙ።

ቴሌብር እዚያ ይሠራል?

ኬንያ ምግብ ቤት ገብታችሁ በቴሌብር አትከፍሉም። ኬንያ ውስጥ የሚያስፈልጋችሁ ኤም-ፔሳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አለ፤ ዛሬ ሙዝ የምትሸጥ ሴት ሳትቀር በስልክ ነው የምትቀበለው። በፓስፖርት ሲም ካርድ አውጥታችሁ አካውንቱን ማስከፈት ትችላላችሁ። ጥቅሙ ዝርዝር የለም ሲባል ለ60 ሽልንግ ዕቃ 100 ከፍሎ መሄድ መቅረቱ ነው፤ የእያንዳንዱ ወጪ መልእክት ስልካችሁ ላይ ስለሚቀር ማታ ሂሳብ ለመሥራትም ያግዛል።

የኬንያውን የዱር አራዊት ፓርክ ማሳይ ማራን ወይም ጎሪላን ማየት በዚህ በጀት ይቻላል?

ጎሪላ አይቻልም፤ እቅጩን መናገር ይሻላል። ሩዋንዳ ለውጭ አገር ጎብኚ 1,500 ዶላር፣ ኡጋንዳ 800 ዶላር ነው የፈቃዱ ዋጋ። ለአፍሪካውያን የተለየ ዋጋ መኖሩን ከመወሰናችሁ በፊት ጠይቁ።

ማራ በወቅቱ ይወሰናል። መግቢያው ለውጭ አገር ጎብኚ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት የፈረንጅ ወራት በቀን 100 ዶላር ሲሆን ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 200 ይሆናል። ይህ ለጅማ ሰው የተመቸ ነው። ጎማና ማና ወረዳዎች ላይ ቡናው ተለቅሞ ገንዘብ እጅ የሚገባው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ ጥር ላይ ብትነሡ መግቢያው በግማሽ ዋጋ፣ መንገዱም ደረቅ ሆኖ ይጠብቃችኋል። መኪናና አስጎብኚ ተጨምሮበት ከሌላው ወጪ ሁሉ ስለሚበልጥ ግን በቀን በጀት ውስጥ አታስገቡት፤ ለብቻው ቆጥቡለት። ለማይችል ሰው ከናይሮቢ ሞምባሳ ያለው ባቡር አለ፦ ሁለተኛ ማዕረግ 1,500 ሽልንግ፣ 12 ዶላር ገደማ። በመስኮቱ ዝሆን የሚታይበት ጊዜ አለ።

በእቁብ ብቆጥብስ?

ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ግን አይታወቅም። ጥር ለመሄድ አስባችሁ ዕጣው መጋቢት ከወጣ ጉዞው ቀረ። ቀድሞ ቢወጣም ችግር አለው፦ ቲኬት ሳትቆርጡ ባንክ ዶላር አይሸጥላችሁም፣ ብሩ ደግሞ ተቀምጦ ዋጋ ያጣል። ቀድሞ የወጣላችሁ እንደሆነ በዚያው ሳምንት በብር የሚከፈለውን ክፈሉ፤ ፓስፖርት፣ ክትባት፣ የመመለሻ ቲኬት። ለዳኛው ወይም ለጸሐፊው ሐሳባችሁን ብትነግሩም መልካም ነው፤ ብዙ እቁብ ውስጥ ምክንያት ላለው ሰው ዕጣ ማቀያየር ይቻላል።

ሁለት ሦስት ሆነን ስንሄድ ሂሳቡን እንዴት እንያዝ?

የጋራ ቦርሳ አድርጉ። ለአልጋ፣ ለታክሲና ለጋራ ምግብ ሁሉም በየሦስት ቀኑ እኩል ያዋጣ፤ አንድ ሰው ይያዝ፣ ሌላው ይጻፍ። የራሱን የሚወድ ሰው ከራሱ ኪስ ይግዛ። እኛ ዘንድ «ተወው እኔ ልክፈል» መባባል ይበዛል፤ ከጀርባው ፍቅር አለ፣ ግን አሥረኛው ቀን ላይ ማን ስንት እንደ ከፈለ የሚያውቅ ሲጠፋ ቅሬታ ይመጣል። ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩበት። ሁለት ሆኖ መሄድ የአልጋውን ዋጋ ወደ ግማሽ ስለሚያወርደው በቀን 6 ወይም 7 ዶላር ያተርፋል።

አገር ስቀይር የተረፈኝን ሽልንግ ምን ላድርግ?

እንዳይተርፍ አድርጉ። ከመውጣታችሁ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ያላችሁን ቁጠሩና ከዚያ በኋላ የሚያስፈልጋችሁን ብቻ መንዝሩ። የኬንያና የኡጋንዳ ሽልንግ ስማቸው አንድ ቢሆንም ዋጋቸው የትና የት ነው፦ 1 ዶላር ኬንያ ውስጥ ወደ 130፣ ኡጋንዳ ውስጥ ከ3,500 ሽልንግ በላይ ነው። ድንበር ላይ ገንዘብ በእጁ ደርድሮ የሚጠጋችሁ ሰው በዚህ ግርታ ነው የሚጠቀመው፤ ዜሮ ይጥላል፣ ፈጥኖ ይቆጥራል። ለመጀመሪያው ትራንስፖርትና ምሳ የሚሆን 10 ዶላር ያህል ብቻ ቀይሩ፤ ቀሪውን ከተማ ምንዛሪ ቤት።

ብር ግን ከሞያሌ ማዶ የሚቀበለው እምብዛም የለም። ለመመለሻ የሚሆናችሁን ትንሽ ብር ለይታችሁ ያዙ፣ የቀረው ባንክ ይደር።

አምስተኛው ቀን ላይ ከበጀት ማለፌን ባውቅስ?

አምስተኛው ቀን ላይ ማወቃችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ አብዛኛው ሰው አሥራ አንደኛው ላይ ነው የሚያውቀው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ማታ ማታ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ የቀኑን ወጪ በአገሩ ገንዘብ ጽፎ ከጎኑ በዶላር ማስቀመጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለኬንያ ቀላል መንገድ አለ፦ ከሽልንጉ ሁለት ዜሮ አንሡ፣ ከቀረው ሩቡን ቀንሱ። 1,000 ሽልንግ 7 ዶላር ተኩል ገደማ ነው።

ያለፈው ገንዘብ በምን እንደ ሄደ ለዩ። በመንገድ ቀን ከሆነ አትደንግጡ፤ ሁለት የመቀመጫ ቀን ያስተካክለዋል። በመቀመጫ ቀን ከሆነ አልጋው ወይም ታክሲው ነው፤ ምግብ እምብዛም አይደለም። ሰፈር ቀይሩ፣ ባለቤቱን «አራት ሌሊት ብቀመጥ ስንት ታደርግልኛለህ?» በሉት፤ ብዙዎቹ ይቀንሳሉ። ይህም ካልበቃ ምግባችሁን አትቀንሱ፣ መጠባበቂያውንም አትንኩ፤ ከዕቅዱ አንድ ከተማ ሰርዙ። ካምፓላ ላይ የቀረ ኪጋሊ የሚቀጥለው ዓመት ቡና ሲለቀም ይደረስበታል፤ በባዶ ኪስ ኪጋሊ የገባ ሰው ግን ወደ ቤት ደውሎ ገንዘብ ማስላክ ሊኖርበት ነው፣ ከኢትዮጵያ ወደዚያ ገንዘብ መላክ ደግሞ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም።